አረፋው በዝቶ ጋዙ ሲጠፋ፦ የኬግ ቢራ ላስቸገራችሁ

ቢራ ቤታቸው ጠምቀው ከጠርሙስ ወደ ኬግ (ቢራው ከነግፊቱ የሚቀመጥበት የብረት በርሜል) የተሻገሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያማርሩት ነገር ተመሳሳይ ነው። ቧንቧውን ሲከፍቱ ብርጭቆው በአረፋ ይሞላል። አረፋው እስኪሰክን ጠብቀው ሲጎነጩት ግን ቢራው ውሃ ውሃ ይላል። ጋዝ የሚባል የለውም። አረፋ በዝቶ ጋዝ ጠፋ! ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

በደንብ አብረው ይሄዳሉ። እንዲያውም አንዱ የሌላው ምክንያት ነው። ብርጭቆው ላይ የተቆለለው አረፋ ቢራው ውስጥ መቅረት የነበረበት ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ነው። መንገድ ላይ ተበትኖ ወጥቷል።

ይህ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ጥሩ ቢራ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቷል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፦ «አረፋ ከበዛ ግፊቱን ቀንሰው።» እቀንሳለሁ፣ ይብሳል። እጨምራለሁ፣ አሁንም ይብሳል። እናንተም እዚያው ላይ ከሆናችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ስለ አጠማመቁ አላወራም። ቢራው በደንብ ተጠምቋል፣ እርሾውም ሥራውን ጨርሷል ብለን እንነሳ። ካልጨረሰ ግን ኬግ ውስጥም መፍላቱን ይቀጥላል፣ እናንተ ያልሞላችሁት ጋዝ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በኋላ የምላችሁ ቁጥር ሁሉ አይሠራም።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ችግር ሲመጣ ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት መቆጣጠሪያ) የምትነኩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቅዝቃዜውን እዩ። ቀጥሎ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ቱቦውን እዩ። አብዛኛው ጣጣ እዚህ ሦስቱ ላይ ያልቃል።

ጋዙ የሚገባበት ሕግ

ጋዝ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው በሁለት ነገር ኃይል ነው። አንዱ ግፊት፣ ሁለተኛው ቅዝቃዜ። ግፊት ሲጨምር ብዙ ጋዝ ይገባል። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝም ብዙ ጋዝ ይይዛል። የግፊቱን ሕግ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 ጽፎታል፤ እስካሁንም በስሙ ይጠራል። ከእሱ በፊት ሌላው እንግሊዛዊ ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ገደማ ሊድስ ከተማ ውስጥ ከቢራ መጥመቂያ አጠገብ ይኖር ነበር። ከሚፈላው ቢራ በላይ የሚንሳፈፈውን ጋዝ ውሃ ውስጥ አስገብቶ የሚነዝር ውሃ ሠራ። የዛሬው ለስላሳ መጠጥ ሁሉ የዚያ ዘር ነው። እኛ ቤት የምናደርገውም ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ የታመቀ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ስላለን መቸኮል መቻላችን ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ችኮላ ነው።

ጠማቂዎች የጋዙን መጠን በቮልዩም ይለካሉ። 2.5 ቮልዩም ማለት 1 ሊትር ቢራ 2.5 ሊትር ጋዝ ይዟል ማለት ነው። በክብደት በሊትር 5 ግራም ገደማ ይሆናል። ለብዙው ቢራ፣ ለላገርም ለተራው ኤልም፣ ከ2.4 እስከ 2.6 ጥሩ ነው። የእንግሊዞቹ ኤል ዝቅ ይላል፣ 2 እና ከዚያ በታች። የጀርመኖቹ የስንዴ ቢራ ደግሞ ከ3 በላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ቢራው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ 2.5 ቮልዩም ለማግኘት የሚያስፈልገው ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። ጌጃችሁ (የግፊት ማሳያው) በባር ሳይሆን በፒኤስአይ የሚለካ ከሆነ 12 ነው። ቢራው 10 ዲግሪ ከሆነ ለዚያው መጠን 1.2 ባር ያስፈልጋል። 20 ዲግሪ ላይ ወደ 1.9 ባር ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ቢራው ያው ነው፣ የጋዙም መጠን ያው ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ስለዚህ ሰው «ግፊቱን ስንት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው «ቢራህ ስንት ዲግሪ ነው?» ብዬ ነው። ያንን ሳያውቁ ግፊት መምረጥ በጨለማ መተኮስ ነው። 0.8 ባር ላይ ያደረጋችሁት ኬግ ከፍሪጅ ውጭ 20 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠ የሚይዘው 1.5 ቮልዩም ብቻ ነው። ወር ብትጠብቁት ከዚያ አያልፍም። በተቃራኒው 20 ዲግሪ ላይ በ1.9 ባር ሞልታችሁት፣ ግፊቱን ሳትቀንሱ ጋዙን እንደሰካችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ቀስ እያለ ወደ 4 ቮልዩም ይወጣል። እሱ ቢራ ሳይሆን እሳት ማጥፊያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከፍታ ቦታ ለምትኖሩ። የግፊት ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ ቁጥሩ ያታልላል። በየ1000 ሜትሩ 0.1 ባር ገደማ ጨምሩበት። 2000 ሜትር ላይ ያለ ሰው 4 ዲግሪ ላይ 0.8 ሳይሆን 1 ባር ያስፈልገዋል ማለት ነው። «ሠንጠረዡን ተከትዬ ሁልጊዜ ጋዙ ይጎድላል» የምትሉ ብዙዎቻችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መቸኮልና መታገስ

ጋዝ ለማስገባት ሁለት መንገድ አለ። የትዕግሥቱ መንገድ ኬጉን ፍሪጅ አስገብቶ፣ ጋዙን ቢራው በሚቀዳበት ግፊት ላይ ሰክቶ፣ ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት መርሳት ነው። ከመጠን በላይ ሊሆን አይችልም፤ ቢራው በዚያ ቅዝቃዜና በዚያ ግፊት የሚገባውን ያህል ወስዶ ያቆማል።

የችኮላው መንገድ ደግሞ የቀዘቀዘውን ኬግ 2 ባር ላይ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ቀን ተኩል ሰክቶ፣ ከዚያ ጋዙን ነቅሎ፣ ክዳኑ ላይ ባለው ማስተንፈሻ ቫልቭ ትርፉን አስተንፍሶ፣ ወደ 0.8 ባር መመለስ ነው። ይሠራል። ግን ከረሳችሁት አለቀ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሳትሞሉ አትጀምሩት።

ኬጉን አጋድመው የሚያንከባልሉም አሉ። ቢራው ሲናወጥ ከጋዙ ጋር የሚነካካበት ቦታ ስለሚሰፋ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ይውጣል። እኔ የምመክረው ይህን ማድረግ ካለባችሁ 2 ባር ላይ ሳይሆን በሚቀዳበት ግፊት ላይ አድርጉት። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ከሚገባው አያልፍም። 2 ባር ላይ እያንከባለሉ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ሁሉም በግምት ነው። ደግሞ ኬጉ ሲጋደም ቢራ በጋዝ ቱቦው ወደ ሬጉሌተሩ ሊመለስ ይችላል። ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ቱቦው ላይ ከሌለ አትሞክሩት።

ሌሊቱን ባዶ የሚያድር ሲሊንደር

ማታ ሞልቶ የተገጠመ ሲሊንደር ጠዋት ባዶ ሆኖ ማግኘት ያናድዳል። እኔ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሲሊንደሩን የሞሉልኝን ሰዎች ነበር። ጉዱ ያለው ግን ክዳኑ ላይ ነበር።

ከዚያ በፊት ስለ ሲሊንደሩ ጌጅ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ እስካለ ድረስ ግፊቱ አይለወጥም። 20 ዲግሪ ላይ 57 ባር ገደማ ነው፤ ሙሉም ይሁን ግማሽ ያው ነው። ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ሲሊንደሩን ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ ስለቀዘቀዘ ብቻ ወደ 40 ባር አካባቢ ይወርዳል፣ እናንተም «እያለቀ ነው» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ስለዚህ ጌጁን ተዉትና ሚዛን ላይ አውጡት። ባዶ ክብደቱ ብዙ ጊዜ አንገቱ አካባቢ ተመትቶ ይገኛል። ልዩነቱ የቀረው ጋዝ ነው።

ለማነጻጸሪያ ይሁናችሁ፦ 19 ሊትር ቢራ 2.5 ቮልዩም ለማድረስ 100 ግራም ያህል ጋዝ ነው የሚወስደው። ቢራው ከፍላቱ የተረፈ ትንሽ ጋዝ ይዞ ስለሚመጣ እንዲያውም ያንሳል። እስከ መጨረሻው ብርጭቆ ገፍቶ ለማውጣት ሌላ 60 ወይም 70 ግራም ጨምሩ። 2 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር ከ10 ኬግ በላይ ማገልገል አለበት። ሁለት ኬግ ላይ ካለቀባችሁ ቢራው አልጠጣውም። አፍስሷል።

አፍሳሹን ቦታ ለማግኘት ውሃ በሳሙና በጥብጣችሁ በብሩሽ ወይም በመርጫ መገጣጠሚያው ሁሉ ላይ አድርጉ። እኔ ያገኘሁት እንዲህ ነው፦ ሳሙናውን ክዳኑ ዙሪያ ቀብቼ ምንም አልታየኝም፣ ልተወው ስል ከክዳኑ ጠርዝ በአንዱ ማዕዘን ላይ ነጭ ነገር ቀስ እያለ ሲያብጥ አየሁ። ፊኛ አይደለም፣ እንደሚፈነዳ አረፋም አይደለም። ደቃቅ፣ ክሬም የመሰለ አረፋ ነው፤ ብትጠርጉት ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው ያስታውቃል፣ ይጮሃልም። ሲሊንደር የሚጨርሰው እንዲህ ዓይነቱ ድምፅ የሌለው ነው። ስለዚህ ሳሙናውን ቀብታችሁ ወዲያው አትሂዱ፤ ደቂቃዎች ስጡት።

ቤት ጠማቂዎች በብዛት የምንይዘው ኮርኒ የሚባለው ኬግ ክዳኑ የሚታሸገው ከውስጥ በሚገፋው ግፊት ነው። ዱሮ የለስላሳ መጠጥ ኬግ የነበሩ ስለሆኑ የተሠሩት ለከፍ ያለ ግፊት ነው። 0.8 ባር ላይ ብቻ ስታደርጉት ክዳኑ በደንብ ላይቀመጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ክዳኑን እየሳባችሁ ለአፍታ 2 ባር ስጡት፣ ክዳኑ ጠብ ብሎ ሲገጥም ትሰሙታላችሁ፣ ከዚያ አስተንፍሱና ወደ ሚፈለገው ግፊት መልሱ። የጎማ ቀለበቱን ለምግብ በሚሆን የሲሊኮን ቅባት አሹት። ቫዝሊንና የመሳሰለው አይሆንም፤ ጎማውን ሊያበላሽ ይችላል፣ ቢራው ላይ ከደረሰ ደግሞ አረፋውን ይገድለዋል።

ከክዳኑ ሌላ የሚታዩት ቦታዎች፣ በጋዝ መግቢያው ሥር ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት (ሁሉም የሚረሳት እሷን ነው)፣ መግቢያው መሐል ያለው በስፕሪንግ የሚዘጋው ቫልቭ፣ የቱቦ ማጥበቂያዎች፣ እና ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ናቸው። አንዳንዱ ሬጉሌተር እዚያ ላይ የራሱ ጎማ አለው፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ ሮንዴላ ይፈልጋል። ሮንዴላ የሚፈልገውን ያለ ሮንዴላ በመፍቻ እየጠበቁ ለማሸግ መታገል ጥርሱን መብላት ነው።

ሌላው ፈተና ጋዙን ሞልቶ፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግቶ፣ ጌጁ ይወርድ እንደሆነ ማየት ነው። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ቢራው ገና ጋዝ እየጠጣ ከሆነ ምንም ቀዳዳ ሳይኖር ጌጁ ይወርዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ደህናውን ኬግ ደጋግሜ ፈትቻለሁ። ስለዚህ ፈተናውን ባዶ ኬግ ላይ ወይም ጋዙን በደንብ በጠገበ ቢራ ላይ አድርጉት። ባዶ ኬግ ካላችሁ ደግሞ ቢራው ከመግባቱ በፊት መፈተን ነው፤ ሞልቶ ከመጠገን ይሻላል።

ቱቦው የሚናገረው

አሁን ወደ አረፋው እንመለስ። ለእኔ ነገሩ የተገለጠው የእጅ ባትሪ ይዤ ፍሪጁን ከፍቼ፣ ሌላ ሰው ቧንቧውን ሲከፍትልኝ ቱቦውን ያየሁ ዕለት ነው። ብርጭቆውን ማየት አይጠቅምም፤ ብርጭቆው መጨረሻው ነው። ቱቦው ግን አረፋው የት እንደተወለደ ይነግራችኋል።

አረፋው ገና ከኬጉ ሲወጣ፣ መሰኪያው ሥር ከጀመረ፣ ችግሩ ኬጉ አናት ላይ ነው። ከቢራ መውጫው ሥር፣ ኬጉ ውስጥ እስከ ታች የሚወርደውን ቱቦ የምትይዘው የጎማ ቀለበት ከተሰነጠቀች ከላይ ያለው ጋዝ እየሾለከ ከሚወጣው ቢራ ጋር ይቀላቀላል። ከውጭ ምንም አያፈስም፣ ሳሙናም አያሳየውም። ቀለበቷን ቀይራችሁ ማየት ብቻ ነው። የእኔ አንዱ ኬግ ለረጅም ጊዜ ያሰቃየኝ በዚህች በማትረባ ጎማ ነበር።

ቢራው ከቆየ በኋላ ቱቦው መሐል ላይ ባዶ የጋዝ ኪስ ከታየ፣ ወይ ቱቦው ከኬጉ ይልቅ ሞቋል፣ ወይ ግፊቱ ቢራው ከያዘው ጋዝ አንሷል። «ግፊቱን ቀንስ» የሚለው ምክር ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። 2.5 ቮልዩም የያዘ ቢራ 4 ዲግሪ ላይ ጋዙን ይዞ እንዲቆይ 0.8 ባር ያስፈልገዋል። 0.4 ባር ካደረጋችሁት የሚይዘው ስለሌለ ጋዙ ከቢራው ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ቱቦው ውስጥ ነው። ለአንድ ሁለት ብርጭቆ አቀዳዱ ለስለስ ስለሚል የተሻለ ይመስላል። በቀናት ውስጥ ግን ቢራው ወደ 1.9 ቮልዩም አካባቢ ይወርዳል፣ እናንተም አረፋና ጋዝ የሌለው ቢራ በአንድ ብርጭቆ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ እንቆቅልሽ ይኸው ነው።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ቢራው ቧንቧው ጋ ሲደርስ የሚበተን ከሆነስ? ያኔ ፍጥነቱን እዩ። ግማሽ ሊትር ለመቅዳት 8 ሴኮንድ ገደማ ጥሩ ነው። በ3 ሴኮንድ ከሞላ ቱቦው አጭር ነው ወይም ሰፊ ነው። ቢራው ኬጉ ውስጥ ካለው ግፊት ወደ ውጭው አየር የሚወጣው በዚያ ቱቦ ነው። ቱቦው ረዘም ያለና ጠበብ ያለ ከሆነ ግፊቱ በመንገድ ላይ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ቢራው ተረጋግቶ ይወጣል። አጭር ከሆነ ግፊቱ ሁሉ በአንዴ ቧንቧው ላይ ይፈነዳል።

ውስጡ 5 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦ ከ3 ሜትር ጀምሩ። አዎ፣ 3 ሜትር። ፍሪጁ ውስጥ ጠቅልላችሁ ኬጉ ላይ አስቀምጡት። አንድ ሜትር ቱቦ ከነቧንቧው ተሽጦላችሁ ከሆነ ችግራችሁ ያው ነው። ውስጡ 4 ሚሊሜትር ከሆነ በጣም ያጠረ ይበቃል፣ ምክንያቱም በቱቦው የውስጥ ስፋት ላይ ትንሽ ልዩነት አቀዳዱን በእጅጉ ይለውጣል። ሁልጊዜ ከረጅሙ ጀምሩ። ረጅም ቱቦ ቢበዛ ያዘገያል፤ በኋላ ትቆርጡታላችሁ። የተቆረጠውን ግን መቀጠል አይቻልም። ቧንቧው ከኬጉ ከፍ ያለ ከሆነ በየሜትሩ 0.1 ባር በከፍታው ስለሚበላ ያን ያህል ቱቦ መቀነስ ትችላላችሁ።

ቱቦውን ያስረዘምኩ ቀን በሬጉሌተሩ ላይ ምንም አልነካሁም። ግፊቱ ያው፣ ቅዝቃዜው ያው፣ ቢራው ያው። የወጣው ግን ሌላ ቢራ ነበር፤ ሁለት ጣት አረፋ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ፣ ምላስ ላይ የሚነዝር።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ ሲያስቸግር

ብዙ ሰው «የመጀመሪያው አረፋ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ደህና ነው» ይላል። ያ የሙቀት ምልክት ነው። ፍሪጅ ውስጥ አየሩ እኩል አይቀዘቅዝም። ታች 3 ዲግሪ ሆኖ ላይ 8 ሊሆን ይችላል። ኬጉ ታች ነው፣ ቱቦው ላይ ነው፣ ቧንቧው ደግሞ ጭራሽ ውጭ ነው። ቀዝቃዛው ቢራ የሞቀ ቱቦ ሲያገኝ ጋዙን ይለቃል። መጀመሪያ የተቀዳው ቢራ መንገዱን ስለሚያቀዘቅዝ ቀጣዩ ደህና ይሆናል።

ለዚህ ከኮምፒውተር የተፈታ ትንሽ ማራገቢያ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት በቂ ነው። አየሩን ከታች ወደ ላይ እንዲያነሳው አድርጉ። ቴርሞሜትሩን ደግሞ አየር ላይ አትስቀሉት። የፍሪጅ አየር በር በተከፈተ ቁጥር፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይለዋወጣል። ብርጭቆ ውሃ ሞልታችሁ ቴርሞሜትሩን እዚያ ውስጥ ንከሩና ከኬጉ ጎን አሳድሩት። ጠዋት የምታነቡት ከቢራው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። የፍሪጁ መደወያ ላይ ያለው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ቧንቧውን ሲከፍቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። አረፋ ሲፈራ ሰው በግማሽ ይከፍታል። በግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ቢራውን በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያፈነዳው ይበልጥ ያረፋል። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ያለው ቧንቧ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የተሠራው ለዚያ ነው። አፉ ውስጥ የደረቀ ቢራም አረፋ ይጠራል። ከረጅም ጊዜ በኋላ የምትቀዱ ከሆነ ሙቅ ውሃ አስነኩት፣ ኬግ በለወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ቱቦውን እጠቡ። ብርጭቆውም በደንብ ይለቅለቅ። የዘይት ወይም የሳሙና ቅሪት ያለበት ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ያጠፋዋል፣ እናንተም «ጋዙ አነሰ» ብላችሁ ያለ ጥፋቱ ኬጉን ታስቸግሩታላችሁ።

ጋዙ በእውነት ከበዛ

ይህን ሁሉ አይታችሁ፣ ቱቦው ረዝሞ፣ ሁሉም ቀዝቅዞ፣ አሁንም የሚያረፋ ከሆነና ቢራው ራሱ ምላስ የሚነክስ ከሆነ፣ ያኔ ጋዙ በዝቷል። ጋዙን ከኬጉ ንቀሉ። የላይኛውን ቫልቭ ስባችሁ አስተንፍሱት፣ ዝጉት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቢራው ጋዝ ለቆ ግፊቱ ይመለሳል፤ እንደገና አስተንፍሱ። በቀን ጥቂት ጊዜ ለአንድ ሁለት ቀን ይደጋገም። ቫልቩን ስትስቡ ቀስ ብላችሁ ይሁን። ኬጉ እስከ አፉ የሞላ ከሆነ አረፋ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ከዚያ ግፊቱን ለሙቀቱ በሚስማማው ቁጥር ላይ አድርጋችሁ ሰኩትና እጃችሁን አንሱ።

ጋዙ ሳትሞሉት ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ፣ ቢራውም እየቀጠነና እየደረቀ ከሄደ ግን ሬጉሌተሩ ላይሆን ይችላል። ያልተፈለገ እርሾ ወይም ባክቴሪያ የቀረውን ስኳር እየበላው ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ማስተንፈስ አያድንም። ኬጉን ባዶ አድርጎ፣ ጎማዎቹን ሁሉ ለውጦ፣ ከሥር ማጽዳት ነው።

ስለ ደኅንነቱ ሳልናገር አላልፍም። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እንዳይወድቅም ይታሰር። ያለ ሬጉሌተር ኬግ ላይ በፍጹም አይሰካም። ኬግ ከመክፈታችሁ በፊት ጋዙ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አረጋግጡ። ለግፊት ያልተሠራ ዕቃ፣ በተለይ የመስታወት ጋን፣ ጋዝ አይሰጠውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ባለ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ቢያፈስ መሬቱ ላይ ይከማቻል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። ክፍሉ አየር ይግባው። የሚያፈስ ሲሊንደር ያለበት ክፍል ገብታችሁ ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ቀዳዳ መፈለጉን ትታችሁ ውጡ።

በመጨረሻ፣ ኬጉን ለግብዣ ሌላ ቦታ የምትወስዱ ከሆነ በዋዜማው ውሰዱት። መኪና ውስጥ የተናወጠና የሞቀ ቢራ ምንም ያህል በደንብ የተሞላ ቢሆን አረፋ ነው። አንድ ሌሊት በበረዶ ወይም በፍሪጅ ይረፍ። የአጭሩን ቱቦ ቧንቧ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ረጅሙን ጠቅልላችሁ ከኬጉ ጋር በረዶው ውስጥ ቅበሩት። ጋዙን ስትሰኩ ግፊቱ ቤት ከነበረው አይቀንስ። አንድ እንግዳ ሬጉሌተሩን ሊያስተካክልላችሁ መነሳቱ አይቀርም። እሱን ብርጭቆ አስይዙት።